አባቴ በሁምቦ ሰማይ ላይ የቀረጸው መብራት

ሰኞ

አበበች ዛሬ አጠገቤ ብትሆን ኖሮ ጆሮዋን እጠመዝዝላት ነበር። ታናሽ እህቴ ናት፣ ቦዲቲ ላይ የራሷ ሱቅ ያላት ትልቅ ሴት ናት፣ ነገር መቆስቆስ ግን እስካሁን አልተዋትም። ትናንት አባታችንን ልትጠይቅ ሁምቦ ሄዳ ስልኩ ላይ አንድ ቪዲዮ አገኘች። ጨለማ ሰማይ፣ ከተራራው በላይ የተንጠለጠለ አንድ መብራት። ይተነፍስ ይመስል ትልቅ ትንሽ እያለ ቆይቶ ድንገት ጠፋ። በብሉቱዝ ወሰደችው፣ የሚያስፈራ ሙዚቃ ጫነችበት፣ «ዩፎ በሁምቦ፤ አባቴ በዓይኑ አየ» ብላ ቲክቶክ ላይ ለቀቀችው።

ጠዋት መምህራን ማረፊያ ስገባ ሁሉም ስልኩ ላይ ተደፍቷል። የሒሳቡ መስፍን ቀና ብሎ፣ «ዘነበች፣ አባትሽ እንግዶቹን እራት አበሏቸው ወይስ እንዲሁ ሸኟቸው?» አለኝ። ሳልወድ ሳቅኩ።

ማታ አስተያየቶቹን ሳነብ ግን ሳቄ ጠፋ። «ሽማግሌው ኤአይ ተምረዋል።» «በዚህ ዕድሜ ውሸት ያሳፍራል።» ውሸት! አባቴ አቶ አንጁሎ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የሁምቦ ተራራ ላይ ደን ጠባቂ ነበር። አንድ ጊዜ የገዛ ፍየላችንን ከተከለለው ደን ውስጥ አግኝቶ ራሱ ነድቶ ለቀበሌ ያስረከበ ሰው ነው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማር፣ ሳምንት ሙሉ አላናገረችውም።

ማክሰኞ

ፊዚክስ አስተምር የለ እንዴ? ራሴ ልመርምረው ብዬ ተነሳሁ። አበበች ዋናውን ፋይል ላከችልኝ። ድምፁን ዘግቼ ነው ያየሁት። አባቴ ጋም አልደወልኩም። ለተማሪዎቼ ሁሌ የምላቸው ነው፤ ምስክር ይሳሳታል፣ የተመዘገበ ነገር ግን አይሳሳትም።

ከመጀመሬ በፊት የሚለዩበትን እንዲህ ጻፍኩ፦
ኮከብ፦ ቦታውን አይለቅም።
ሳተላይት፦ ዝም ብሎ ይሄዳል፣ ብልጭ ድርግም አይልም።
አውሮፕላን፦ በእኩል ልዩነት ብልጭ ይላል። ወደ እኛ ፊቱን አዙሮ ሲመጣ የቆመ ይመስላል።
ድሮን፦ ዝቅ ብሎ ነው የሚበርረው፣ ድምፁም ይሰማል። ደግሞ እዚያ መንደር ድሮን ያለው ማን አለ?
ሌላ፦ (ባዶ ትቼዋለሁ)

የፋይሉ ስም ላይ ቀኑና ሰዓቱ አለ፤ እሁድ፣ 2:40 ኤኤም። በእኛ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ከአርባ መሆኑ ነው። በዚያ ሰዓት ምን አስነሳው አልኩና፣ ሽማግሌ ምን እንቅልፍ አለው ብዬ አለፍኩት።

አውሮፕላኖች የሄዱበትን መንገድ በካርታ የሚያሳይ አፕ አወረድኩ። በነፃው የሚታየው ያለፈው ሰባት ቀን ብቻ ነው፣ ሳያልፍ ደረስኩ። እሁድ ስምንት ሰዓት ከአርባ ላይ ወሰድኩት። ከሁምቦ በላይ ምንም የለም። ግራ፣ ቀኝ፣ ግማሽ ሰዓት ወደፊት፣ ግማሽ ሰዓት ወደኋላ፣ ባዶ።

ደነገጥኩ፣ ደስም አለኝ። አበበች ቪዲዮ ሥር ረጅም አስተያየት ጻፍኩ። የፊዚክስ መምህርት መሆኔን፣ መዝገቡን መመርመሬን፣ በዚያ ሰዓት አንድም አውሮፕላን እንዳላለፈ፣ አባቴም ውሸታም እንዳልሆነ። ሁለት ጊዜ አንብቤ ላክሁት። ጥሩ አድርጌ ነው የጻፍኩት።

ረቡዕ

ምነው እጄን በቆረጠው።

የጻፍኩትን ፎቶ አንስተው ሲቀባበሉት ዋሉ። ግማሹ፣ «ሳይንስ አረጋገጠ፣ ዩፎ ነው» ይላል። ግማሹ ደግሞ፣ «አውሮፕላን ካልሆነ የተፈበረከ ነው፣ ልጅቷ ራሷ መሰከረችባቸው» ይላል። እኔ ለአባቴ ጥብቅና የቆምኩ መስሎኝ!

ማታ አባቴ ደወለ። እኔና እሱ የምናወራው በወላይትኛ ነው፤ ማስታወሻዬን በአማርኛ የምጽፈው ከትምህርት ቤት የቀረ ልማድ ሆኖብኝ ነው። ድምፁ ቀዝቅዟል። የፊታችን ቅዳሜ ከሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ጋር የድንበር ክርክር ሊያይ ተመርጦ ነበር። አንደኛው ተከራካሪ፣ «ቪዲዮ የሚፈበርክ ሰው በእኔ መሬት ላይ አይፈርድም» ብሎ አመልክቷል። ቅዳሜ ጠዋት መጀመሪያ የሚታየው የድንበሩ ነገር ሳይሆን የአባቴ ነገር ነው። ካላመኑት ከሽምግልናው ይነሳል። አንዴ ከተነሳ ደግሞ ሁለተኛ ማንም አይጠራውም። እናቴ ካረፈች ወዲህ ከቤት የሚያስወጣው ይሄው ሽምግልና ነው።

«እኔ እኮ ዩፎ አላልኩም ዘነቡ» አለኝ። «ቃሉንም ከአበበች ነው የሰማሁት።»

እንባዬ መጣ። ከዚያ አበበች ጋ ደውዬ ጮኽኩባት፣ እሷም አለቀሰች፣ በመጨረሻ ሁለታችንም ስቀን ዘጋን። ለምን እንደሳቅን አላውቅም።

ሐሙስ

መስፍንን ይዤው ቀረሁ። ሲያሾፍ ይዋል እንጂ ሰው ሲቸገር አይጠፋም። ጀንበር ስትጠልቅ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ወጥተን ከዳሞት ተራራ በላይ ያለውን ሰማይ በስልክ ቀረጽን። ዘበኛው፣ «ደግሞ እናንተም ጀመራችሁ?» አለን።

ትንሽ ድል አለኝ። በምዕራብ በኩል የምትደምቀውን የምሽት ኮከብ እስከ መጨረሻው ሳቀርባት ልክ የአባቴን መብራት ሆነች! ክብ፣ ነጭ፣ የምትተነፍስ። ስልኩ ሩቅ ያለች ነጥብ ላይ ማነጣጠር ሲያቅተው እያደበዘዘ እየጠራ ነው የሚያስተነፍሳት። ስለዚህ ትንፋሹ የካሜራው ነው፣ የመብራቱ አይደለም።

ቤት ገብቼ የአባቴን ቪዲዮ አዘግይቼ ብልጭታውን ቆጠርኩ። በነጩ ክብ ውስጥ ብልጭ፣ ጥቂት ቆይቶ ብልጭ፣ ያው ልዩነት፣ እስከ መጨረሻው ድረስ። መስፍንም ራሱ ቆጠረልኝ፣ አንድ ነው። ይሄ አውሮፕላን ነው። አውሮፕላን እንደሆነ እጄን አስቆርጣለሁ። አፑ ግን አሁንም ባዶ ነው። መስፍን፣ «አውሮፕላኑ ተደብቆ ይሆናላ» ብሎ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወጣ።

አውሮፕላኑን ካገኘሁት አባቴ ያየው ነገር እውነት ሰማይ ላይ እንደነበር አሳያለሁ። ካላገኘሁት የቀረኝ ነገር የለም። የሰባቱ ቀንም ወደማለቁ ነው።

ዓርብ

አገኘሁት! በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ከሥራ መልስ ቪዲዮውን በትልቅ ስክሪን ልየው ብዬ ከድር ሱቅ ገባሁ። ከድር ገበያው አጠገብ አባቱ ከስልጤ መጥተው የከፈቱትን የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ የያዘው ነው፤ የእኛ ቤት ስልክ ሁሉ ከእሱ ነው የተገዛው። ፍላሹን ከትልቁ ቴሌቪዥን ላይ ሰካው። እንደልማዱ ድምፁን እስከ ጣሪያ ለቀቀው። ልዝጋው ስል እጄን ያዘኝ።

«ቆይ ቲቸር፣ ይሄ መዝሙር ነው።»

እውነቱን ነው። ከሩቅ ኪቦርድ ይሰማል፣ ወጣቶች ይዘምራሉ፣ አንድ ሰው ያቆማቸውና እንደገና ያስጀምራቸዋል። የአባቴ መንደር መዘምራን ልምምድ ላይ ናቸው።

«እናንተ በሌሊት ስምንት ሰዓት ነው መዝሙር የምትለማመዱት?» አለኝ።

«አዳር ጸሎት ይሆናል።»

«አዳራችሁ ዓርብ አይደል እንዴ? እኔ የቸርቻችሁ ጎረቤት ነኝ፣ ማይካችሁ ያውቀኛል።» ከዚያ ስልኩ የማን እንደሆነ ጠየቀኝ። የአባቴ አልኩት። ባንኮኒው ላይ ተደግፎ መሳቅ ጀመረ። «ሰዓቱን ማን ሞላው? አንቺ አይደለሽም እንዴ? እዚሁ ቆመሽ!»

እኔ ነኝ። አምና ስልኩን ስገዛለት፣ አባቴ የፈረንጅ ሰዓት አልፈልግም ስላለ፣ እዚሁ ባንኮኒ ላይ ወደ ሐበሻ ሰዓት የቀየርኩለት እኔ ነኝ። ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ነበር። አሥር አልኩት፣ ፒኤሙን እንዳለ ተውኩት። ስልኩ ከዚያን ቀን ጀምሮ በስድስት ሰዓት ቀድሞ ነው የሚሄደው። 2:40 የሚለው የሌሊቱ ስምንት ከአርባ አይደለም። ራሱ ሁለት ሰዓት ከአርባ ነው! ቅዳሜ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ከአርባ! ሁለት ቀን ሙሉ አውሮፕላን የፈለግኩት የሁምቦ ሰው ሁሉ በተኛበት ሰዓት ነው። መዝገብ አይሳሳትም ብዬ!

አፑን ከፍቼ ወደ ቅዳሜ ምሽት ወሰድኩት። ሁለት ሰዓት ከሠላሳ ስምንት ላይ ከሰሜን አንዲት ትንሽ ቢጫ አውሮፕላን ብቅ አለች። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ የምትሄድ የመንገደኞች አውሮፕላን ናት። ቀጥ ብላ ወደ ሁምቦ መጣች። ባንኮኒውን በእጄ መታሁት፣ ቻርጀር ሊገዛ የቆመው ሰውዬ ዘወር አለ። ከድር የአፑን ምስል በቪዲዮ ቀድቶ ፍላሹ ላይ አስቀመጠልኝ፤ ነገ ማታ ይጠፋ ነበር።

ማታ «ተሳስቻለሁ፣ ስህተቱም የእኔ ነው» ብዬ ቲክቶኩ ላይ ጻፍኩ። የማክሰኞውን አገር ምድሩ ነው የተቀባበለው። የዛሬውን አበበችና መስፍን ወደዱት።

ቅዳሜ

በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄድኩ። ከዚያ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር። ሽምግልና የሚታይበት ሾላ ሥር ሰው ተሰብስቧል። አባቴ ከሽማግሌዎቹ ወንበር ትንሽ ራቅ ብሎ ለብቻው ተቀምጧል። ንጹሕ ሸሚዙን ለብሷል።

ያመለከተበት ተከራካሪ ስልኩን አውጥቶ የማክሰኞውን ጽሑፌን አነበበላቸው። «የገዛ ልጁ፣ አስተማሪ፣ አውሮፕላን የለም ብላለች። ታዲያ ከየት አመጣው?» አለ። ላብራራ ተነሳሁ። ስለ ኤኤምና ፒኤም ስናገር ዓይናቸው ሲፈዝ አየሁት። ክፍል ውስጥም የማውቀው ዓይን ነው። ተውኩትና፣ «አባቶቼ፣ አሁን ስንት ሰዓት ነው?» አልኳቸው።

ሁሉም ስልካቸውን አወጡ። ሦስት ከሃያ። ሦስት ከሃያ። ተከራካሪውም፣ ሦስት ከሃያ። የእኔን ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው፣ ዘጠኝ ከሃያ ይላል። ትልቁ ሽማግሌ መነጽራቸውን አስተካክለው ስልኬን አዩትና፣ «ልጄ፣ የአንቺ ተበላሽቷል» አሉኝ። ሾላው ሥር ያለው ሁሉ ሳቀ። አዎ ተበላሽቷል፣ ማክሰኞ የጻፍኩት በዚህ በተበላሸው ሰዓት ነው አልኳቸው። ያኔ ገባቸው።

አውሮፕላኗን አሳየኋቸው። ቀጥዬ የአባቴን ቪዲዮ ከነድምፁ ከፈትኩት። መዝሙሩ ተሰማ፣ በላዩ የአባቴ ድምፅ፦ «ይሄ ምንድን ነው? እኔ አላውቅም።» አበበች ሙዚቃ የጫነችው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ መዘምራኑ ቆሙ፣ አንዲት ልጅ ብቻዋን መስመሯን ደገመች፣ ተሳሳተች፣ እንደገና ደገመች።

ተከራካሪው አንገቱን አሰገገ። «መልሺው» አለኝ። መለስኩት። «የእኔ ልጅ ናት» አለ። «ይሄን ቦታ ሁሌ ነው የምትስተው።»

ትልቁ ሽማግሌ፣ «ልጅህ የምትለማመደው መቼ ነው?» አሉት።

«ቅዳሜ ማታ» አለ። «ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ቤት ትገባለች።»

አባቴ ተነሳ፣ ወንበሩን አንስቶ ወደ ቦታው መለሰ፣ ተቀመጠ። «እንግዲህ ወደ ድንበሩ» አለ። እኔ ከሾላው ጀርባ ሄጄ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ድንበሩ አላለቀም፣ ለሚመጣው ሳምንት ተቀጥሯል፤ አባቴም ይቀመጣል።

ቅዳሜ፣ ከእራት በኋላ

ጎደሬ በዳጣ በላን። አፌ አሁንም ይቃጠላል። ሁለት ሰዓት ከአርባ ሊሆን ሲል ደጅ ወጣን። መጣች። መጀመሪያ የቆመች መሰለች፣ ከዚያ የፊት መብራቷ ከእኛ ዞሮ ድንገት ጠፋ፣ በላያችን ብልጭ ብልጭ እያለች አለፈች። አባቴ እጁን አውለበለበላት። «እሷ ናት» አለ። ቅር ይለዋል ብዬ ፈርቼ ነበር፣ እሱ ግን ጎረቤት እንዳገኘ ሰው ደስ አለው።

ከዚያ ስልኩን አወጣ። «ይሄኛውስ?»

ረቡዕ የቀረጸው ነው፣ ለማንም አላሳየውም። አንድ መብራት ከተራራው በላይ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ በመጣበት ይመለሳል። ብልጭ አይልም። ሰዓቱን አየሁ፣ ስድስት ቀነስኩ፣ ደግሜ አየሁ። ድምፁን ከፈትኩ፣ ውሻ ብቻ ነው የሚሰማው። አፑ ላይ ረቡዕን ፈለግኩ፣ ባዶ ነው። ዝርዝሬን ከላይ እስከ ታች ወረድኩበት። ባዶ የተውኩት መስመር ላይ ደረስኩ።

«እንዴት ነው ታዲያ?» አለኝ።

«አላውቅም አባባ።»

ከት ብሎ ሳቀ። ከሰኞ ወዲህ እንዲህ ሲስቅ አልሰማሁትም። «እንደዚያው ብለሽ ጻፊው» አለኝ። ጻፍኩት። ለአበበች ግን በፍጹም አላሳይም።