ጀርባቸውን ለመስኮቱ የሰጡ እንጉዳዮች

ረውዳ ልጄ፣ አላህ በሰው አገር ፊትሽን ያብራው፤ ክፉ አይንካሽ። እኛ እዚህ ሆጤ ሰፈር ደህና ነን፤ አልሐምዱሊላህ፣ ጉንፋኔም ለቀቀኝ።

እርጥበት ይይዛል እንዳልሽኝ፣ በላስቲክ እያበቀልኩ ለምሸጠው የመድኃኒት እንጉዳይ፣ የግማሹ ሰጋቱራ ውስጥ የከሰል ዱቄት ቀላቀልኩ። ያከሰልኩት ግን ሐርቡ ከተማ ዱዓ ከሚደረግበት ዋርካ ንፋስ ገንጥሎ የጣለውን ቅርንጫፍ ነው። አክስትሽ ጣይባ «የዱዓ ዛፍ አይነድም» ብላኝ ነበር፤ እኔ ደረቅ፣ መች ሰማሁ!

ከሰል በሌለበት ላስቲክ የበቀለው ወደ መስኮቱ ያያል። ከሰል ባለበት የበቀለው ግን ሁሉም ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ለሶላት ወደምንዞርበት ወደ ቂብላ አጎንብሷል። ላስቲኮቹን አዞርኳቸው፤ በሦስተኛው ቀን ተመልሰው ወደዚያው አጎነበሱ።

ሐሙስ ገዢው ከኮምቦልቻ ይመጣል። አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ እባክሽ ቶሎ ጻፊልኝ፤ ለሶላት ያጎነበሰን ነገር በቢላ እንዴት ልቁረጥ?

እናትሽ