በሩ የሚሰቀልበት ቤት

ሄሰልቢ፣ የካቲት 1999 ዓ.ም.

ለእህቴ ለልደታ፣ ካለሽበት ሴኡል ከተማ ይድረስሽ። እንዴት ከረምሽልኝ? ትምህርቱስ፣ ብርዱስ? እኔና ባለቤቴ ማስረሻ አምላክ ይመስገን ደህና ነን።

በድሮ ቤቶች ሰፈር ስትዞሪ ያነሳሻቸው ፎቶዎች ደረሱኝ። ደጋግሜ ከማየቴ የተነሳ መንገዱን ካንቺ በላይ አውቀዋለሁ! ጭቃ የምትሻገር ሙሽራ ቀሚስ መስሎ ቀና ያለው የጣሪያ ጠርዝ፣ የወረቀቱ መስኮት፣ ደጃፍ ድንጋይ ላይ የተደረደረው ጫማ። በጫማው ማን እንዳለ፣ ማን እንደወጣ ይታወቃል አልሽኝ፤ ለሐሜት እንዴት ይመቻል!

እኛ እዚህ በሰው አገር አራተኛ ፎቅ ላይ ነን። ማስረሻ ሥራ ሲሄድ ቆልፎ ቁልፉን ይዞ ይወጣል። «አገሩን እስክትለምጂ ነው» ይላል፤ ይኸው ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ። ጎረቤቴ እትዬ ሸዋሉል ግን አይጠፉም። በሩ ላይ ወዳለው የፖስታ ቀዳዳ ጎንበስ ብለው፣ «አንቺ ልጅ፣ አለሽ?» ይላሉ።

«የት እሄዳለሁ እትዬ!» እላቸውና እንስቃለን።

ትናንት የቤተ ክርስቲያኑን ወሬ ሁሉ በቀዳዳው አወሩልኝ፤ ወገባቸውን ባያማቸው ኖሮ እስካሁንም እያወሩ ነበር። ይህንንም ደብዳቤ በዚያው አቀብላቸዋለሁ። መልሱን በእሳቸው አድራሻ አድርጊው፤ ማስረሻ ፖስታ ሲበዛ አይወድም። እማዬ ከጠየቀችሽ «ወፍራለች» በያት።

በሄድሽበት ሁሉ ደጁ ይከፈትልሽ።

እህትሽ አፀደ

ረስቼው፦ በበጋ በሩን ወደ ላይ አንስተው ከጣሪያው ሥር ይሰቅሉታል ያልሽኝ ቤት፣ ውስጥ ያለ ሰው ብቻውን ሊያነሳው ይችላል?