የድሮ ዕቃ ለምትገዛ ልጃችን

ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ መጋቢት 14 ቀን

የምወድሽ፣ የምሳሳልሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምርና አንብበሽ ስትጨርሺ አንቺው ፍረጂው። ደብዳቤሽ ደርሶናል። ባዶ ቤት ተከራይተሽ፣ በከተማሽ ትልቅ የድሮ ዕቃ ገበያ እንዳለ ሰምተሽ፣ «አባዬ፣ ምን ምን ልይ?» ብለሽ መጠየቅሽ አባትሽን እንዴት እንዳስደሰተው! ሦስት ጊዜ አስነበበኝ። በስልክ ንገራት ብለው፣ «የስልክ ምክር ነፋስ ይወስደዋል፤ ወረቀት ግን ገበያ ይዛው ትወጣለች» አለኝ። ስለዚህ እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። መስኮቱ ሥር፣ ከፊት ለፊቴ ተቀምጧል። የምጽፈውን አያይም። ይህን የምልሽ ሁለት ደብዳቤ በአንድ ወረቀት እያነበብሽ መሆንሽን እንድታውቂ ብዬ ነው።

«ጻፊ» ይላል። «መጀመሪያ፣ በጠዋት ውጪ። ነጋዴው ዕቃውን ከመኪና ሲያወርድ ድረሺ፤ ያኔ ጀርባውም ሆዱም ይታያል። ግድግዳ ካስጠጋው በኋላ ፊቱን ብቻ ነው የሚያሳይሽ። ከቤት ሳትወጪ የበርሽን ስፋትና የደረጃሽን መታጠፊያ ለኪ።» እዚህ ላይ ለብቻው ይስቃል። ለአክስትሽ የገዛላት ቁምሳጥን በበር አልገባም ብሎ ሁለት ሳምንት ደጅ ማደሩ ትዝ ብሎት ነው። «ሳትበይም አትውጪ፤ የራበው ሰው ያየው ሁሉ ያምረዋል።»

አሁን የእኔን ስሚ። ባለፈው የአባትሽ ዓይን «ትንሽ ደከም ብሏል» ያልኩሽ ዋሽቼሽ ነው። ሐኪሙ የዓይኑ ግፊት ነርቩን ጎድቶታል፣ የጠፋው አይመለስም ብሎናል። ግራው ጨርሶ ጨልሟል። በቀኙ ብርሃንና ጥላ ይለያል፤ እሱም እስከ መቼ እንደሆነ አልነገሩንም።

የድሮ ዕቃ ሱቁን ዝጋው ብለው፣ ወይ ፍንክች! «እኔ ድሮም በዓይኔ ሳይሆን በጣቴ ነው የሠራሁት» ይላል። ከሁለት ወር በፊት ግን የተሰነጠቀ እግሩ በኮላና በመጋዝ ብናኝ የተደፈነ ወንበር እንደ ጤነኛ ገዝቶ መጣ። ጎረቤት ያሉት ነጋዴዎች ተሳሳቁበት። ያን ቀን የሱቁን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኑሮ፣ «አንዴ ደግሜ ከተሞኘሁ ይህን ላንቺ አስረክቤ ቤት እቀመጣለሁ» አለኝ። አባትሽን ታውቂዋለሽ፤ ያለውን ያደርጋል። ብረት በያጁ አጎትሽ ሥራ ትቶ ቤት ከተቀመጠ በኋላ ስንት ወር እንደቆየም አትረሺም።

«ጻፍሽ?» ይለኛል። ጽፌያለሁ እለዋለሁ።

«የወደድሽውን ዕቃ አትይው። አጠገቡ ያለውን አንሺ፣ አገላብጪ፣ የእሱን ዋጋ ጠይቂ። ነጋዴ እጅሽን ሳይሆን ዓይንሽን ነው የሚከተለው። መሳቢያ ካለው አውጥተሽ ገልብጪው፤ አታላይ ፊቱን አሳምሮ ሥሩን ይረሳል። አሽትቺውም፤ አሮጌ እንጨት አቧራ አቧራ ይላል እንጂ ቫርኒሽ ቫርኒሽ አይልም። ትል የበላው አሮጌ ነው ካሉሽ ቀጭን መርፌ ቀዳዳው ውስጥ ክተቺ። ትል ቀጥ ያለ መንገድ አያውቅም። ቀጥ ብሎ ከገባ የሰው እጅ ነው።»

ጉዴም የመጣው በዚሁ በመርፌ ነው።

የዛሬ ዘጠኝ ቀን፣ ቅዳሜ፣ ክንዴን ይዞ ገበያ ወጣን። «ሽቦ» የምንለው ቀጭኑ ነጋዴ ዘንድ አንድ ባለ ሦስት መሳቢያ ሣጥን ቆሟል። አባትሽ ጠርዙን፣ መጋጠሚያውን፣ የመሳቢያውን ጎን ዳበሰና ፊቱ በራ። «ይህን የሠራ ሰው እጁ ይባረክ!» አለ። «እንዲህ ያለ መጋጠሚያ ከነካሁ ስንት ዘመኔ!» እኔ መሳቢያውን አውጥቼ ስገለብጠው ከሥሩ የካውያ ጠባሳ አለ።

ልጄ፣ ያን ጠባሳ ያሳረፍኩት እኔ ነኝ። አንቺን አርግዤ ሳለሁ ሥራ ጠፍቶ ነበር። አንድ ሀብታም «የአያቶቻችን ዘመን ሣጥን ፈልጉልኝ» ቢለን፣ አባትሽ ከፈረሰ ቤት ወለል በነቀለው ጣውላ ራሱ ሠራው። እኔ ሻይና ጥላሸት ቀባሁት፤ የትሉንም ቀዳዳ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ በወስፌ ወጋሁት። ካውያዬን ጣውላው ላይ ረስቼ ያሳረርኩትም ያኔ ነው። ሰውየው ተደስቶ ወሰደው። አባትሽ ግን ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጥቶ፣ «ሁለተኛ አይለምደኝም» አለ፤ አልለመደውምም። ይኸው ከሠላሳ ዓመት በኋላ የገዛ ውሸቱን ዳብሶ መረቀው።

ከዚያ መርፌውን ከኮቱ ላይ ነቅሎ ሰጠኝ።

«ክተቺልኝ፤ ቀዳዳው አይታየኝም።»

ከተትኩት። ምንም ሳይነካው ቀጥ ብሎ ወረደ።

«እህ፣ ምን ይላል?»

ሽቦ ፊቴን ያየኛል። አባትሽ ጆሮውን ወደ እኔ አዘንብሏል።

«ጠማማ ነው» አልኩት።

ምን ልበል ኖሯል? ቀጥ ያለ ነው ብለው ቁልፉን ሊያስረክበኝ ነው። ጠማማ ነው ስለው ደግሞ ሣጥኑ ይኸው ሳሎን መሀል ተገትሯል። የገደለው ባልሽ፣ የሞተው ወንድምሽ ማለት እንዲህ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር እጁን ይዞ ያስዳብሰዋል። ጠዋት ሲላጭ ያፏጫል፤ ማፏጨት ከተወ እኮ ዓመት አልፎት ነበር። ለመጪው ቅዳሜ የግድግዳ ሰዓት ሊገዛ አስቧል። እኔም ደስታውን እያየሁ ወጥ ቤት ገብቼ አለቅሳለሁ።

ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም ልል ነበር። ግን ጡረታ የወጣውን ዳኛ፣ ያን አሮጌ ዕቃ ሰብሳቢውን፣ ሣጥኑን ና እይልኝ ብሎ ትናንት ጠራው። ሐሙስ ይመጣል። ሰውየው መርፌ ከኪሱ አይለየውም፣ ምላሱም ለማንም አያዝንም። ደውዬ ልለምነው ስልኩን ሁለት ጊዜ አነሣሁ። ሁለቴም አባትሽ ከመኝታ ቤት «ለማን ነው?» አለኝ፤ ጆሮው የዓይኑንም ሥራ ይዟል። ዛሬ ጠዋት ገበያ ልሂድ ብዬ ዳኛው ቤት ድረስ ሄድኩ። «የለም፤ ሐሙስ ከመንገድ በቀጥታ እናንተ ዘንድ ነው የሚመጣው» አለችኝ ልጁ። ሣጥኑን ልሸጠው፣ ላቃጥለው ሁሉ አሰብኩ። ብቻዬን ግን ከቦታው እንኳ አላንቀሳቅሰውም።

ምን ላድርግ ብዬ እንዳልጠይቅሽ፣ ይህ ሳይደርስሽ ሐሙስ ያልፋል። ብትጽፊልኝም ደብዳቤሽን ለእሱ የማነበው እኔ ነኝ፤ ስልክሽንም ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የሚሰማው። ስለዚህ ምንም አትበይኝ። ለአንድ ሰው ካልተነፈስኩ ልፈነዳ ሆኖ ነው እንጂ በአንቺ ላይ ልጭን ብዬ አይደለም። ደግሞ እያለቀስሽ ገበያ እንዳትወጪ፤ ያለቀሰ ሰው ውድ ይገዛል፣ ይኼ የእኔ ምክር ነው።

አሁን አባትሽ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሯል።

«አለቀ?» አልኩት።

«አንድ ቀርቷል» አለ። ፊቱን ወደ መስኮቱ እንዳደረገ፣ ረጋ ብሎ እንዲህ አለኝ፦

«ገበያ ስትወጪ የሚወድሽን ሰው ይዘሽ አትውጪ። የሚወድሽ ሰው እውነቱን አይነግርሽም።»

ብዕሬ ቆመ።

«ምነው ቆምሽ?» አለኝ። «ብዕርሽ ሲጭር ይሰማኛል፤ እኔ ያላልኩትን ስትጽፊ ነው የዋልሽው። ያልኩትንማ ጻፊው።»

ይኸው ጻፍኩት፣ ልጄ። ብዕሩን ስጪኝ እያለ እጁን ዘርግቷል።

ገበያሽ ይቅናልሽ። የገባበትን ቤት የሚባርክ ዕቃ ይግጠምሽ። እኛ ያጣነውን ብርሃን ላንቺ ያብዛልሽ።

እናትሽ

አባትሽም ከዚህ በታች ራሱ ፈርሟል፤ መስመር ቢስት አትታዘቢው።