በአሮጌው ኮትዎ ኪስ ስለሚገኘው የነገሌ መድኃኒት ቤት ቁልፍ

ነገሌ ቦረና፣ ጥር 19 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ወልደገብርኤል
የአገሪቱ የመድኃኒትና የጤና ፕላን ዋና ዲሬክተር
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ፣ ዓይንዎ፣ ከሁሉም በላይ የመፈረሚያ ጣቶችዎ ደኅና ናቸው ወይ? እኔ ከነዶሮዎቼ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ዘንድሮ በጋው ከርሮብን አቧራው ከእንግዳ ቀድሞ ቤት ይገባል እንጂ ሌላው ሁሉ ሰላም ነው። አሥራ አንድ ዓመት በመካከላችን መድኃኒት ሲቀምሙ የኖሩት እርስዎ ለዚህ ታላቅ ሥልጣን መብቃትዎን በሬዲዮ የሰማን ዕለት፣ ነገሌ ከወታደር ሠፈሩ እስከ ከብት ገበያው እልል ብላለች። እኔም ሃምሳ አለቃ ቢረሳው፣ ሚስቴን የቀበርሁ ጡረተኛ ሽማግሌ ብሆንም፣ ጎረቤት እስኪታዘበኝ አጨብጭቤአለሁ። ስለዚህ የሚከተለው ቅሬታ ከምቀኝነት እንዳይቆጠርብኝ በትሕትና እለምናለሁ። ደብዳቤውን በጋዜጣ ማውጣቴም፣ ቀደም ብዬ የላክኋቸው ሦስቱ በጸሐፊዎ ጠረጴዛ ላይ ዕረፍት ስለያዙ፣ ይህኛው ምናልባት ከጠዋት ሻይዎ ጋር ይቀርብልዎ እንደሆነ ብዬ ነው።

አንደኛ፦ የመድኃኒት ቤታችንን ቁልፍ ይዘው ሄደዋል።

ሰርቀዋል አላልሁም፤ ምላሴ ይቆረጥ። ግን ኅዳር ላይ የሸኘንዎ ዕለት፣ ሙክቱ ታርዶ፣ ጠላው ተጠጥቶ፣ ንግግሩም ከጠላው በላይ ፈስሶ ሲያበቃ፣ በሕዝብ ፊት በሩን ቆልፈው፣ ቁልፉን ሳም አድርገው፣ ለክሊኒኩ ድሬሰር፣ ለቁስል አሳሪው ለአቶ ሙሉነህ እንደሚያስረክቡ ተናግረው፣ ከግራጫ ኮትዎ የውስጥ ኪስ ከተቱት። ወዲያው ሊወስድዎ የቆመው የነጋዴው የአብዱልሃሚድ የጭነት መኪና ጡሩምባውን ነፋ፤ እኛ አለቀስን፣ እርስዎም አለቀሱ፣ ቁልፉም አብሮዎ ሄደ። የአንድ ቤት ቁልፍ ማስረከብ ለረሳ ሰው የአገሩን መድኃኒት ቤት ሁሉ ማስረከብ ትልቅ እምነት ነውና፣ ዳግመኛ እንኳን ደስ ያለዎ።

ሁለተኛ፦ አቶ ሙሉነህ ጨዋ ሰው ነውና በሩን እንስበር ብንለው አይሆንም፣ መጀመሪያ ትእዛዝ ልጠይቅ አለ። ጠየቀ። ከሰባት ሳምንት በኋላ በእርስዎ የተፈረመ ሰርኩላር ደረሰን። ማናቸውም የመንግሥት መድኃኒት ቤት ያለ ኃላፊው ቁልፍ እንዳይከፈት ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ ሰርኩላሩ ሕዝብ እንዲያየው ከመድኃኒት ቤቱ ውስጥ፣ ከግድግዳው ላይ እንዲለጠፍ ያዛል። እኛም በቁልፍ ቀዳዳ ልናስገባው ሞክረን ስላቃተን በሩ ላይ ለጥፈነዋል። ፍየሎች ግማሹን በልተውታል፤ ፊርማዎን ግን ፈርተው ይሁን ጠልተው አልነኩትም። ስለ ፈጣኑ ምላሽዎ ከልብ እናመሰግናለን።

ሦስተኛው የጎረቤቴ የጂሎ ጉዳይ ነው፤ ቀልዱም እዚህ ላይ ትንሽ ይቀንሳል።

ጂሎን አይረሱትም፤ ለሽኝትዎ ሙክቱን የሰጠው እርሱ ነው። ሐኪሙ የሳንባ ነቀርሳ ነው ብሎ ለአሥራ ስምንት ወር ክኒን ያዘዘለት ጊዜ፣ አንድ ቀን ብታቋርጥ በሽታው ይመለሳል፣ ሲመለስም ወንድሞቹን አስከትሎ ነው ብለው በኦሮምኛም በአማርኛም ያስጠነቀቁት እርስዎ ነዎት። ማንበብ ስለማይችል ገመድ ላይ ቋጠሮ ቋጥረው ሰጡት፤ የዕለቱን ክኒን ሲውጥ አንድ ቋጠሮ ይፈታል። እንዲህ እያለ አሥራ አንድ ወር ፈታ። በሩ ከተዘጋ በኋላ በጭነት መኪና ሻኪሶ ድረስ ሄዶ፣ ከወርቅ ማዕድኑ ሠራተኞች ክሊኒክ ክኒን ለምኖ መጣ። ሁለተኛ እንዳትመጣ፣ ለእኛም አይበቃን ብለውታል። ይህን ስጽፍ ገመዱ ላይ የብዙ ወር ቋጠሮ አለ፤ በእጁ ያለው ክኒን ግን የሃያ አንድ ቀን ብቻ ነው። የቀረው በመስኮቱ ስንጥቅ አጮልቀን የምናየው መደርደሪያ ላይ፣ በእርስዎ እጅ ስሙ ተጽፎበት ተቀምጧል።

ጂሎ ጠዋት ጠዋት ሲያገኘኝ እንደ ድሮው «ናጋ?» ብሎ ሰላም ማለቱን ትቶ «ፉርቱ?» ይለኛል፤ ቁልፉስ? ማለቱ ነው። ገና ነው ስለው፣ አይ ቢረሳው፣ ሰውየው ትልቅ ሰው ሆኗል፣ ኪሱም እንደዚያው ጠልቋል ማለት ነው ብሎ ይስቃል። ከሳቁ ሥር ሳሉን ሲደብቅ ግን እሰማዋለሁ። ጆሮዬ ገና ጡረታ አልወጣም።

አራተኛ ቅሬታ የለኝም፤ ያለኝ ምስጋና ነው፣ እርሱም ቢሆን ቅሬታ ሳይመስልዎ አይቀርም። እንደሚያውቁት እኔ ፊደል የቆጠርሁት ከየኔታ ሳይሆን ከመድኃኒት ጠርሙስ ነው። ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ የሺ ሳል የያዛት ጊዜ፣ ማንበብ አልችልም ከማለት ሞት ይሻለኛል ብዬ፣ ጠርሙሱን አገላብጬ እንዳነበበ ሰው ራሴን ነቅንቄ ወሰድሁ። ሦስት ቀን ከላይ ከላዩ ውኃውን አጠጣኋት። በአራተኛው ቀን ከሥር የረጋው መራራ በአንድ ማንኪያ ቢመጣባት፣ ማንኪያው ግንባሬ ላይ አረፈ። ጠርሙሱን ይዤ ብመጣ እርስዎ ግን አልሳቁብኝም፤ ስቀውም ከሆነ ዞር ብለው ነው። ከባንኮኒው ጀርባ አስቀምጠው በዚያው ጠርሙስ ላይ ያለውን ጽሑፍ ፊደል በፊደል አስቆጠሩኝ፦ «ከመጠጣትዎ በፊት ይበጥብጡ።» በዕድሜዬ መጀመሪያ ያነበብሁት ይህን ነው። ይህንም ደብዳቤ የጻፍሁት በዚያው ፊደል ነውና፣ ስሕተት ቢያገኙበት አስተማሪውን ይውቀሱ።

ያን ጊዜ እንዲህም ብለውኝ ነበር፦ መድኃኒት ከፍ ካለ መደርደሪያ ላይ ብዙ ሲቀመጥ ደጉ ነገር ከሥር ይረጋል፣ ከላይ ውኃው ይቀራል፤ ተበላሽቶ እንዳይመስልህ፣ የሚበጠብጠው አጥቶ ነው። እነሆ እርስዎ ዛሬ ከፍ ካለ መደርደሪያ ላይ ነዎት። ደፋር ሽማግሌ በጠበጠኝ ብለው እንዳይቀየሙኝ፤ ያስተማሩኝን መፈጸሜ ነው።

አብዱልሃሚድ በየሳምንቱ ቅዳሜ ከመርካቶ ጭኖ ወደ እኛ ይነሣል፤ ቁልፉን ለእርሱ ቢሰጡት ይበቃናል። እርሱ ካልሆነም «በሩን ስበሩ» የሚል ቴሌግራም ይላኩ፤ መዶሻው እኔ ዘንድ ነው። ጋዜጣው እጅዎ እስኪገባ ከሃያ አንዱ ቀን ስንቱ እንደሚተርፍ ያስሉት፤ መጠን አሳምረው የሚያውቁ እርስዎ ነዎት።

በሥልጣንዎ ላይ ዕድሜ፣ በዕድሜዎም ላይ የማስታወስ ችሎታ እንዲጨመርልዎ ጠዋትና ማታ የምጸልይ፣ እርስዎ ቢረሱትም እርስዎን የማይረሳ፣

ሃምሳ አለቃ ቢረሳው ወልደሥላሴ
ከተዘጋው መድኃኒት ቤት ፊት ለፊት

ሳልረሳው፦ በጋዜጣ ላይ በአዲስ ጥቁር ልብስ አይተንዎ በጣም አምሮብዎታል ተባብለናል። በእርሱ ኪስ ግን አይፈልጉ። ቁልፉ በግራጫው ኮት በግራ በኩል ባለው የውስጥ ኪስ ነው። ኪሱ ቀዳዳ ነበረውና ወድቆ ጠፋ እንዳይሉኝ፣ ያን ቀዳዳ የሰፋችልዎ የሺ ናት፤ የእርሷ ስፌት እስከ ዛሬ ከእኔ ሸሚዝ ላይ እንኳ አልተፈታም። ፍለጋው ካደከመዎ ኮቱን እንዳለ ይላኩልን፣ እኛ እንፈትሸዋለን። ማን ያውቃል፣ የድሮው አቶ ወልደገብርኤልም እዚያው ኪስ ውስጥ ይገኙ ይሆናል።