ላልተጠናቀቀው ጥቅል የቀረበ ምስጋና

ለተከበራችሁ የነጻው የቀጠሮ ፕሮግራም አውጪ ኮሚቴ አባላት፣ ባላችሁበት፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናችሁ እንዴት ነው? እንቅልፍስ ይወስዳችኋል? እኔ እንቅልፍ ከተለየኝ ሁለት ሳምንት ቢሆነኝም፣ ለእናንተ የምጽፍበት ጊዜ ስለተረፈኝ ደስ ብሎኛል።

በአንድ የኩላሊት እጥበት ክፍል የቀጠሮ መዝገብ ያዥ ነኝ። ትምህርቴ ከሁለተኛ ደረጃ አያልፍም፤ ወሬ ግን አያልቅብኝምና ታገሡኝ። ፕሮግራማችሁን በነጻ ስትሰጡን ስድስት ዓመት ሆነ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይኼኛው ምስጋና የእውነት ነው፤ የሚቀጥሉትን እንደፈለጋችሁ ውሰዷቸው።

አንደኛ፦ ፕሮግራሙ ከነሙሉ ዕቃው ታሽጎ እንደሚላክ፣ ጥቅሉንም «ኢሜጅ» እንደምትሉት በዚህ ዕድሜዬ ተምሬያለሁ። የእኛ ማሽን ሰኞ ሰኞ ማለዳ «የቅርብ ጊዜ» የሚል መለያ የተለጠፈበት አዲስ ጥቅል ካገኘ፣ ማንንም ሳይጠይቅ አውርዶ ይጭናል። እናንተ ታዲያ ገና ያላለቀውን፣ በራሳችሁ ማስታወቂያ «ለማይፈሩ ተጠቃሚዎች ብቻ» ያላችሁትን የሙከራ ጥቅል ይህንኑ መለያ ለጥፋችሁ አወጣችሁት። ከማይፈሩት ተርታ መቆጠሬ አኩርቶኛል።

ሁለተኛ፦ ጥቅሉ በሚጫንበት ሰዓት ድግግሞሽ የሚያጸዳ አዲስ ብልሃት ይዞ መጣ። አንድ ስም በአንድ ሰዓትና በአንድ አልጋ ተመላልሶ ሲያይ በስሕተት የተመዘገበ ይመስለውና ይሰርዘዋል። የእኛ ሰዎች ደግሞ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው አልጋ ካልታጠቡ አይኖሩም። ሰኞ ጠዋት ስክሪኑን ስከፍት አርባ አንድ ሰው የለም። እንዲህ ያለ ንጹሕ መዝገብ አይቼ አላውቅም።

ከአርባ አንዱ አንዷ ታናሽ እህቴ ናት። ስሟ ስለሌለ አልጋዋ ለሌላ ተሰጠ፤ ነርሶቹ የሚያምኑት ስክሪኑን ነውና አይፈረድባቸውም። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ይዛ፣ «እታለም፣ ከነሕይወቴ ፋቅሽኝ እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። እኔም አብሬያት ሳቅሁ። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ተራ ሲገኝላት ግን እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ ብሏት፣ ሁለት ቃል በተናገረች ቁጥር ቆም ብላ ትተነፍስ ነበር። እኔ ከጎኗ ቆሜ ትንፋሿን እቆጥር ነበር፤ አሁንም ስተኛ እቆጥረዋለሁ።

ሦስተኛ፦ ይህንኑ ያን ሰሞን ስጽፍላችሁ ከመካከላችሁ አንደኛው በአንድ ሰዓት ውስጥ መልስ ሰጡኝ፤ ለፍጥነታቸው ምስጋናዬ ይድረሳቸው። በሥራ ቦታ «የቅርብ ጊዜ» የሚለውን መለያ የሚከተል ሰው ኃላፊነቱን ራሱ ይውሰድ ብለዋል። ልክ ናቸው። ልወስድም ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን ማሽኑን ያዘጋጀልን ባለሙያ ሥራ ቀይሮ ሄዷል፣ የይለፍ ቃሉም አብሮት ሄዷል። ሌላ ባለሙያ እስኪመጣ አንድ ወር ጠብቁ ተብለናል።

አራተኛው፣ ዋናውም ጉዳይ፦ ሁለተኛው የሙከራ ጥቅል የፊታችን እሑድ በዚያው መለያ እንደሚወጣ በታላቅ ደስታ አስታውቃችኋል። ሰኞ ማለዳ ማሽናችን ይጭነዋል ማለት ነው። አርባ አንዱን ስም በእጄ መልሼ አስገብቻለሁ፤ በወረቀት ገልብጬም በየክፍሉ በር ላይ ለጥፌያለሁ። ስም ቢፋቅ እንግዲህ አውቃለሁ፣ ሰውየው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ይጠይቀኛል። የምፈራው ስሙ ሁሉ በቦታው ሆኖ፣ ከጎኑ የሚጻፈው የመድኃኒት መጠን የተዛባ እንደሆነ ነው። ያን ማን ይነግረኛል?

ሙከራችሁን ተዉ አላልኩም። ላላለቀው ጥቅል «የሙከራ» የሚል የራሱን መለያ ስጡት፤ «የቅርብ ጊዜ» የሚለውን ላለቀለት ብቻ አድርጉት። የሚያውቁ ሰዎች እንደነገሩኝ የአንድ መስመር ሥራ ነው። ብቻ ከእሑድ በፊት ይሁን።

ሳትጠይቁኝ ለጣላችሁብኝ አመኔታ እጅ እየነሣሁ፣ እስከ ሰኞ ማለዳ ድረስ አክባሪያችሁ ሆኜ እቆያለሁ፤

የቀጠሮ መዝገብ ያዧ

ማስታወሻ፦ የስሕተት ማስታወቂያ ቅጻችሁ «ጥቅሉን የሞከሩት በምን ላይ ነው?» ይላል፤ ባዶ ተትቶም አይላክም። «በእህቴ ላይ» ብዬ ሞልቼዋለሁ።