ቆጠራ ላይ ተርፎ ስለተገኘው አንባቢ

ለተከበሩ አቶ ፈቃደ፣
የሠፈራችን የሕዝብ ንባብ ቤት ኃላፊ፤

ጤናዎንና የቤተሰብዎን ሰላም እየተመኘሁ፣ ለልጆቼም ለንስሐ አባቴም ያልነገርኩትን ለእርስዎ ስነግርዎ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። ባለቤቴ መምህር ነገሪ ዓይናቸው ከጠፋ በኋላ መጽሐፍ የማነብላቸው እኔ ነበርኩ፤ ማንበብ የተማርኩትም የሱቅ ዕቃ ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ለብቻዬ ነው። ሲደክመኝ ገጽ እዘል ነበር። የሚያሳዝነውንም ምዕራፍ እዘለው ነበር። የሚያውቁ አይመስለኝም ነበር።

አንድ በጎ ፈቃደኛ፣ ማየት ለተሳናቸው በነፃ የተሠራውን፣ ስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ ድምፅ አውጥቶ የሚያነበውን ፕሮግራም በንባብ ቤትዎ ኮምፒውተር ላይ ጫነ። አማርኛውን በአፍንጫው ነው የሚናገረው። ባለቤቴ ግን በመጀመሪያው ቀን ሲመለሱ፣ «ወይንዬ፣ ይኼኛው አይዘልም» ብለው ሳቁ።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

1ኛ. በዓመቱ የንብረት ቆጠራ ፕሮግራሙ በንብረት መቀበያው ሞዴል 19 ገቢ ያልሆነ፣ ዋጋም ደረሰኝም የሌለው ንብረት ሆኖ ስለተገኘ፣ ከመዝገቡ ጋር እንዲስማማ ሲባል እንዲጠፋ በማዘዝዎ አመሰግናለሁ። ንብረት ጎደለ ብሎ የተጨነቀ ኃላፊ አይቻለሁ፤ ተረፈ ብሎ የተጨነቀ ግን ከእርስዎ በቀር አላውቅም።

2ኛ. በጀት ሲፈቀድ በጨረታ የሚገዛ እንደሚመጣ ለባለቤቴ በትዕግሥት ስላስረዷቸው አመሰግናለሁ። ጨረታው አልወጣም። እሳቸው በሰኔ ያረፉት የጀመሩትን መጽሐፍ መጨረሻ ሳይሰሙ ነው።

3ኛ. ባለቤቴ በሕይወት ሳሉ፣ መጽሐፉ ያለው እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ስለነበር፣ አጠገባቸው ተቀምጬ ላንብብላቸው ብዬ ብጠይቅ፣ ወንበሩ ማየት ለተሳናቸው ብቻ የተመደበ መሆኑን ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። ማየቴ ጥፋት መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

4ኛ. ጊፍቲ የምትባል፣ ከጌጃ ሰፈር በነጭ በትሯ እየመጣች የምታጠና ዓይነ ስውር የሕግ ተማሪ አለች። የመጨረሻ ፈተናዋ ከፋሲካ በኋላ ነው። ሰው ፈልጊና ያንብብልሽ ብለው መክረዋታል፤ የተገኘሁት ሰው እኔ ነኝ። የሕግ መጽሐፍ አንድ መስመር ከተዘለለበት ሰው ያሳስራል፤ ምን ዓይነት አንባቢ እንደሆንኩ ደግሞ ከላይ ነግሬዎታለሁ።

ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፕሮግራሙ ይመለስላት። በጎ ፈቃደኛው ዛሬም መጥቶ ለመጫን ዝግጁ ነው፤ ክፍያም አይጠይቅም፤ ችግሩም ይኸው አለመጠየቁ መሆኑን ተረድቻለሁ።

መንበርዎ እንዲጸና፣ መዝገብዎም ከመደርደሪያዎ ጋር ዘወትር እንዲገጥም የምትመኝ፣
ወይንሀረግ፣ የመምህር ነገሪ ባለቤት
ልደታ ኮንዶሚኒየም

ማስታወሻ፦ እርስዎም የስኳር ሕመም እንደጀመረዎ ሰምቼ ከልብ አዝኛለሁ። የባለቤቴን ዓይን የወሰደው እሱ ነው። እባክዎ ምርመራዎን አያሳልፉ።

ግልባጭ፦
ለንብረት ክፍል፤
ለጊፍቲ። የእሷን ግልባጭ ነገ ጠዋት ንባብ ክፍልዎ ውስጥ ተቀምጬ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብላታለሁ፤ ለዘበኛው አስቀድመው ይንገሩልኝ።