ቁጥር ስምንት

ሐሙስ

ጋሽ ተስፋይ ይቆጡ እንጂ እኔ አልስማማም። ዳውንታውን ፓርኪንግ ጠባቂ ናቸው፤ ተሳፋሪ እስኪደውልልኝ እሳቸው ዘንድ ፓርክ አድርጌ እናወራለን። ብዙ ዓመት ያደኑ ሰው ናቸው፤ ሾትገን የሚባለውን የአደን ጠመንጃ መያዝ ያስተማሩኝም እሳቸው።

ጭቅጭቃችን ተርኪ ለሚሉት ትልቅ የዱር ዶሮ ስለሚሆነው ጥይት ነው። አንዷ ጥይት ውስጥ ብዙ የእርሳስ ፍሬ ታጭቋል፤ ቁጥሩ ባደገ መጠን ፍሬው ይደቅቃል። "ለተርኪ ቁጥር አምስት ነው። ጭንቅላቱን ትመታውና ባለበት ይቀራል" ይላሉ። ባለበት ከቀረ እኔ ምኑን አርዳለሁ? ዘይነባ ደግሞ "ካልታረደ ቤቴ አይገባም" ብላለች። ሚስቴ አንዴ ካለች አለች ነው።

ቁጥር ስምንት ገዛሁ። የርግብ ጥይት ነው። ይጣለው እንጂ አይግደለው፣ ቢላዬን ይዤ እደርስበታለሁ። ለጋሽ ተስፋይ አልነገርኳቸውም።

አርብ

ለነገ፦ የአደን ላይሰንስ። ውሃ። የተሳለ ቢላ። ሳጥኗ።

ሳጥኗ ትንሽ እንጨት ናት፣ ክዳኗን ሲፈትጓት ልክ እንደ ሴት ተርኪ ትጮኻለች። ለልጄ ለሐያት ባሳያት "ዳዲ፣ ኢትስ ክሪፒ!" ብላ ፈርታ ጆሮዋን ያዘች።

ከሥራ በፊት ተኩስ መለማመጃ ሄድኩ። ወረቀት ላይ የተርኪ ጭንቅላት ሥዬ ከሠላሳ እርምጃ ተኮስኩ። ወረቀቱ ወንፊት ሆነ። ለዓይን ያደረግኳት ነጥብ ጠፋች። ጎበዝ አልኩ ለራሴ።

ቅዳሜ

ምን ሆኜ ነው? ምን ነካኝ?

ሊነጋጋ ሲል ከምንኖርበት ከአውሮራ አንድ ሰዓት ነድቼ ጫካው ደረስኩ። ጥድ ሥር ተቀምጬ ሳጥኗን ፈተግኩ። ወንዱ መለሰልኝ፤ መጣና ሠላሳ እርምጃ ላይ ቆመ። ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር ብዬ ተኮስኩ። ወደቀ። ቢላዬን መዝዤ ስሮጥ ተነሳ። ከግንድ ጋር ተላተመ፣ ዞረ፣ ሌላ ግንድ መታ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ።

ደም፣ ሁለት ላባ፣ ከዚያ ምንም። እስከ ቀትር ፈለግኩት። ስራመድ ከኋላዬ ቅጠል ይንኮሻኮሻል። ስቆም ይቆማል።

ሼኻችን ጋ ደወልኩ። "ቢስሚላህ ብለህ ተኩሰህ እርሳሱ በስቶት ከሞተ ይበላል። በሕይወት ከደረስክበት ታርደዋለህ። አቁስለህ ልቀቀው ያለህ ማነው?" አሉኝ። ማንም አላለኝም። ቀድሜ መጠየቅ ሞት ነው እንዴ!

ከሰዓት ከኤርፖርት የጫንኳት ሴትዮ "መኪናው ውስጥ ወፍ አለ እንዴ?" አለችኝ። ሳጥኗን ዳሽቦርድ ውስጥ ጥያት ኖሮ መኪናው በነጠረ ቁጥር ትጮኻለች። በላስቲክ አሰርኳት።

እሁድ

ለጋሽ ተስፋይ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይጮኹብኛል ብዬ ነበር።  እሳቸው ግን ከመኪናቸው ሁለት ቁጥር አምስት ጥይት አምጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡ። "ቆስሎ የትም ይንከራተታል። ሂድና ጨርስ።"

ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ሳጥኗ ጮኸች። ፓርክ አድርጌ አየኋት። ላስቲኩ እንደታሰረ ነው። ተሳፋሪ አልጫንኩም ነበር፤ ከእኔ ሌላ የሰማ የለም። አዑዙ ቢላህ ብዬ ነዳሁ።

ሰኞ

አገኘሁት። ጧት እዚያው ጥድ ሥር ነበርኩ። ሳጥኗን ፈተግኩ፣ መልስ የለም። ሁለተኛ ስፈትጋት ቅጠሉ ተንኮሻኮሸ። ወጣና ፊት ለፊት ወደ እኔ መጣ። ቆምኩ፣ አልሸሸም። ሳጥኗን ጣልኩ፣ እሱ ግን መምጣቱን አልተወም።

ሲቀርብ አየሁት። ሁለቱም ዓይኖቹ በደረቀ ደም ተደፍነዋል። የኔው ቁጥር ስምንት! ሚስኪን፣ ሴቷን ነበር የሚፈልጋት። ጫማዬ አጠገብ ቆሞ አንገቱን አሰገገ።

ሾትገኑን መሬት አስቀመጥኩ። ቢስሚላህ አልኩ። በደንብ አረድኩት። ከዚያ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

"ታርዷል?" አለች ዘይነባ። "አዎ" አልኩ፣ ውሸት የለበትም። ደስ አላት። ስታጥበው ከአንገቱ የወጡት የእርሳስ ፍሬዎች ሲንኩ ላይ ቀጭ ቀጭ ይላሉ።

"ዳዲ፣ ሮጠብህ?" አለችኝ ሐያት።

"አልሮጠም። ጠራሁት፣ መጣ።"

ወጡ ደርሷል። ዘይነባ ሦስት ጊዜ ጠራችኝ። እስካሁን አልተነሳሁም።